መልስ፦ የእንጦጦ ማይት በሰሜን አውሮፓ መለያ ቁልፍ
ወንድሜ፣ ከእንጦጦ ጽድ ሥር ያወጣሃቸው ጠንካራ ቡናማ ኦሪባቲድ ማይቶች (አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ከሸረሪት ጋር የሚዛመዱ ጥቃቅን ፍጥረታት) በሰሜን አውሮፓ መለያ ቁልፍ (የአካል ምልክቶችን ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ ወደ ስም የሚያደርስ ዝርዝር) ዝርያቸው ለምን አልገጠመም ብለህ ጠይቀሃል። ቁልፉ የተሠራው ለዚያው አገር ዝርያዎች ነው። ለቤተሰብ፣ ቢበዛ ለጂነስ (ከዝርያ በላይ ላሉት የምደባ ደረጃዎች) ተጠቀምበት፤ የሚሰጥህን የዝርያ ስም ግን አትመዝግብ።

መጀመሪያ የማይቱ አካል ብርሃን እስኪያሳልፍ ይጥራ። ከኤታኖል አውጥተህ በጎድጓዳ ስላይድ ላይ ላክቲክ አሲድ ውስጥ አቆየው፤ ጥቁሮቹ ቀናት ይፈጃሉ፣ ከቸኮልክ የሆድ ሥር ፀጉራቸው አይታይህም። ከቨር ስሊፑን (ቀጭኑን የመስታወት ክዳን) ጉድጓዱ ግማሽ ላይ ብቻ አድርግና ማይቱን በቀጭን መርፌ እያንከባለልክ ከላይም ከጎንም ከሥርም እየው።

ለመለየት ዋናው ሴንሲለስ ነው፦ ከፊተኛው አካል ኋላ፣ ግራና ቀኝ ካሉ ጽዋ መሰል ጉድጓዶች የሚወጣ ፀጉር። ክር፣ ዱላ ወይም ማበጠሪያ ይመስላል። ቶሎ ስለሚሰበር ካጣኸው ሌላ ናሙና አውጣ እንጂ «የለውም» ብለህ አትለፍ። ከዚያ የእግሩን ጥፍር (1 ወይስ 3?) እና የብልት ክዳኑን ፀጉር ቁጠር። ነጣ ያሉት ለስላሶች ያላደጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለብቻ አስቀምጣቸው።