የእንግሊዝኛው ‹ዘይ› (እነሱ) አንድ ሰው ሲሆን፦ ‹ኢዝ› ወይስ ‹አር›?

ጥያቄ፦ ጎንደር የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ‹ዘይ› ጾታው ያልታወቀን አንድ ሰው ሲተካ፣ ባልደረባዬ «ሰውየው አንድ ከሆነ ግሱም ነጠላ ይሁን፤ ‹ዘይ ኢዝ› በል» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ‹ዘይ አር› ነው። ባልደረባዎ ቀሃ ኢየሱስ ደጅ ቆመው ቢያዳምጡ ይበቃቸው ነበር። «አባ መጡ?» «አዎ፣ እሳቸው ናቸው።» የመጡት አንድ ቄስ ናቸው፤ አንድ ጋቢ፣ አንድ መቋሚያ። ግሱ ግን «እነሱ መጡ» ከሚለው በምን ይለያል?

ይልቅ ስሙን ይመልከቱት። «እሳቸው መምህር ናቸው» እንላለን እንጂ «መምህራን ናቸው» አንልም። ግሱ ይበዛል፣ ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛም ለአንድ ሰው «ዩ አር» ይልና ‹ዩርሰልፍ› ሲል ወደ ነጠላ ይመለሳል። ‹ዩ› ድሮ የብዙ ነበር፤ ነጠላው ‹ዛው› (አንተ፣ አንቺ) ነበር። ‹ዛው› ሲከስም አንዳንዱ ‹ዩ›ን ከነጠላው ግስ ጋር አጣምሮ «ዩ ወዝ» ማለት ጀመረ፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው ሰዋስው ክፉኛ ነቀፈው፤ በመደበኛው ጽሑፍ ባለብዙ ግሱ «ዩ ወር» አሸነፈ። «ግስ የሰው ቁጥር ይከተላል» የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ግስ የሚከተለው ተውላጠ ስሙን ነው።

ከተነሣ አይቀር፣ ‹እሱ› የመጣው ከ‹እርሱ›፣ ‹እርሱ›ም ከግእዙ ‹ርእሱ› ነው፤ ራሱ ማለት። ‹እሳቸው›ም እንዲሁ። እንግዲህ «እሳቸው ራሳቸው» ባልን ቁጥር ራስን ሁለቴ እንጠራለን! ብዛቱም ያለው ጭራው ‹-አቸው› ላይ ነው፤ «ቤታቸው» የአንድ አዛውንትም የአሥር ጎረምሶችም ቤት ይሆናል።

እኔን ከጠየቁኝ ነጠላው ‹ዘይ› ጆሮዬን ይከረክረዋል፤ ‹ሂ ኦር ሺ› (እሱ ወይም እሷ) ይሻለኛል። ምክንያት አምጣ ብባል ግን የለኝም፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጻፍ የኖረ ነው። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎታል። እሺ፣ ይሁን።

የእኛው አንቱታ እየሳሳ መሄዱ ነው የባሰብኝ። እኔ አባቴን አንቱ ብዬ አደግሁ። የልጅ ልጄ ግን ትናንት በር ስከፍት «አያቴ መጣ!» አለች። «መጡ በይ እንጂ» ብላት፣ ሌላ ሰው አብሮኝ እንደሆነ ከኋላዬ አንጋጣ አየች።