ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ውጭ አገር ሲሄዱ ፕሮግራሙ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለ። በፕሮቶኮል ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ዝም አልኩ። አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

ስለ ቪዛ፣ ስለ በረራ ፈቃድ፣ ማን የትኛው መኪና ውስጥ እንደሚገባ አልነግራችሁም። እሱን ቢሮ ስትገቡ ትለምዱታላችሁ።

ጉዞው ወደ አንድ ዓረብ አገር ነበር። ሚኒስትሩ አርብ ማታ እዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር ይገናኛሉ። የእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ 20:00 ብዬ በትክክል ጻፍኩ። ለወገኖቻችን የሚበተነው የአማርኛ ቅጂ ላይ ግን «በ8 ሰዓት» ብዬ አለፍኩ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ማለት ነበረብኝ። ያገራችን ሰው 8 ሰዓት ሲባል መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ምሳውን በልቶ መጣ።

የሚያንገበግበኝ የአምባሰል ልጅ መሆኔ ነው። ውጫሌ እኛው ጋ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይላል። አማርኛው አፄ ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ አለ፤ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። መዘዙ ዐድዋ ድረስ ሄደ። ይህን እየሰማሁ አድጌ፣ የራሴን ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላነበብኩም።

11 ሰዓት ላይ አዳራሹን ለማየት ስደርስ ሰው ጢም ብሏል። ልጅ ያዘለች አለች፣ የማታ ፈረቃ የደረሰበት አለ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ስትወጣ አገኘኋት። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። አነጋገሯ የወሎ ነው። አሠሪዋ የፈቀደችላት እስከ መግሪብ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስነግራት «አብሽር፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። እኔን ታጽናናለች! የታጠፈች ወረቀት ሰጥታኝ ሮጠች።

የዛሬ ልጆች ፍጥነታችሁ ያስቀናኛል። ግን ሁሉን ነገር በስልክ አይታችሁ ታልፋላችሁ። ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ አትሙት፣ በእስክሪብቶ እየነካችሁ አንብቡት። የኔም ስህተት የታተመ ወረቀት ላይ ነበር፤ አልክድም። ቢሆንም ወረቀት ይሻላል። ሰዓቱን ስትሞሉ ደግሞ አዳራሽ የሚጠብቀውን ሰው አስቡት። ስንት ሰዓት ተፈቅዶለታል? በምን ይመለሳል?

ሚኒስትሩ ማታ 2 ሰዓት ሲደርሱ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ወረቀቷን አንብበው «ልጅቷስ የታለች?» አሉኝ። ወረቀቷ ላይ ስሟና ያልተከፈላት የ14 ወር ደመወዝ ነው የተጻፈው። ስልክ የለውም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሳናግራት ስልኳን አልጠየቅኋትም።