ከመዝጊያው ማግስት ጀምራችሁ ንደፉ

ውድ ወጣቶች፣

ሕንፃ ስነድፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከእናንተም ውስጥ መሐንዲስ፣ የከተማ ፕላነር ወይም የስፖርት አመራር መሆን የምታስቡ አትጠፉም። አንድ ቀን ከተማችሁ እንደ ኦሎምፒክ ያለ ትልቅ ውድድር ላዘጋጅ ብላ ትነሳ ይሆናል። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ መክፈቻው ነው። ርችት፣ ባንዲራ፣ ካሜራ። እናንተ ስለ መዝጊያው ማግስት ጠይቁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሸማቅቄ ነው። በወጣትነቴ አንድ የስፖርት አዳራሽ ነድፈን ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለና የሚያምር፤ በጣም ኮርቼበታለሁ። ከዓመታት በኋላ ጎራ ስል ግማሹ መብራት ጠፍቷል። ጥበቃውን ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ «መሰላል አይደርስማ! አምፖል ለመቀየር ክሬን እንከራይ?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ስብሰባ አምፖሉን ማን ይቀይረዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ጭምር።

የካናዳዋ ከተማ የሞንትሪያል ነገር ደግሞ ከአምፖልም ያለፈ ነው። ከንቲባው ዣን ድራፖ ወንድ እንደማያረግዝ ሁሉ ኦሎምፒክም አይከስርም ብለው ነበር። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲካሄድ የስታዲየሙ ማማ ገና አላለቀም። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። ሠላሳ ዓመት! መክፈያው በከፊል የትምባሆ ግብር ስለነበር፣ በጨዋታው ጊዜ ያልተወለደ ሰው እንኳ አድጎ ሲጋራ ሲገዛ ከፍሎበታል።

ይህን ያዩ ከተሞች ፈሩ። የ1984ቱን ኦሎምፒክ ላዘጋጅ ብላ እስከ መጨረሻው የቆየችው ሎስ አንጀለስ ብቻ ነበረች። ተፎካካሪ ስላልነበራት ከኦሎምፒክ ኮሚቴው ጋር እንደልቧ ተደራደረች። በ1923 የተከፈተውን ኮሊሲየም የተባለ ስታዲየሟን አደሰችና ተጠቀመችበት። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተረፈ፤ ከትርፉም በከፊል የወጣቶችን ስፖርት የሚደግፍ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ዛሬም ይሠራል።

አቴንስን ግን ሰው ሁሉ ለመጥፎ ምሳሌ ነው የሚጠራት። ከ2004ቱ ሜዳዎች አንዳንዶቹን አረም ውጧቸዋል፣ አይካድም። ለጨዋታው የተዘረጋው ትራም፣ ማለትም የከተማ ውስጥ ባቡር፣ ግን ዛሬም ሰው ያመላልሳል። ለፍርድ አትቸኩሉ።

ስብሰባ ስትገቡ የግንባታውን ወጪ ብቻ አትዩ። በአሥረኛው ዓመት የጥገናውን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው? ስሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ። «እሱን በኋላ እናየዋለን» ከተባላችሁ ጠርጥሩ። ለንደን እንኳ፣ ያን ያህል አስባ፣ የ2012ቱን ስታዲየም ለእግር ኳስ ስትቀይረው ወጪው ከታሰበው በላይ ሄዶባታል።

የዚያው የለንደን መዋኛ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ንድፉ የታዋቂዋ አርክቴክት የዛሃ ሃዲድ ነው። ለጨዋታው 17,500 ያህል ተመልካች እንዲይዝ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜያዊ ክንፎች ተቀጠሉለት። እውነቱን ለመናገር ክንፎቹ አስቀያሚ ነበሩ። ግን ገና ሲሠሩ ሊነቀሉ ነው የተሠሩት። ተነቀሉ፤ ቦታቸውን መስታወት ተካው፤ የቀረው መቀመጫ 2,500 ገደማ ነው። ሻምፒዮኖች በተሽቀዳደሙበት ውሃ አሁን ሕፃናት ዋና ይማራሉ።