ኮዱ የሁሉም፣ ስሙ ግን በፈተና፦ በኦፕን ሶርስ ላይ ተሠርተው ስለሚሸጡ ምርቶች ጠይቁኝ

ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ ተሠርተው የሚሸጡ ምርቶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ደንቡን፣ ማለትም ስታንዳርዱን፣ ማን ያወጣል? ማንስ ያስከብራል? ሰርቨር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮዱ ክፍት ከሆነ ስታንዳርድ ለምን አስፈለገ?

አንድ ሆኖ አይቆይማ! አንዱ ድርጅት የሁለት ዓመት ቨርዥን ይዞ ይሸጣል፣ ሌላው የትናንቱን፣ ሦስተኛው የራሱን ቅመም ጨምሮበት። የድሮውን የአማርኛ ፎንት ጣጣ አስታውሱ። ግዕዝ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው የዓለም ስታንዳርድ ውስጥ፣ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ቢሮ የጻፍከው ደብዳቤ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የጠንቋይ ጽሑፍ ይመስል ነበር። እዚያ ኮዱ ዝግ ነበር፣ መዘዙ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሊኑክስ እኮ ስታንዳርድ ነበረው። የት ገባ?

ነበረው። ሊኑክስ የተለያዩ ድርጅቶችና ቡድኖች በየራሳቸው ጠቅልለው የሚያቀርቡት ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ ስታንዳርዱም ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ ይባላል። 1.0 በ2001 ወጣ፣ በ2006 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአይኤስኦ ስታንዳርድ እስከመሆን ደረሰ። ወረቀቱ ምንም አይወጣለትም። ግን ፓኬጁ (ፕሮግራሙ ለመጫን የሚታሸግበት ፋይል) አርፒኤም የሚባለው ዓይነት ይሁን አለ፣ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ ዱሮም የሚያውቀው ዴብ የሚባለውን ነው። ስለዚህ ኤሊየን በምትባል መሣሪያ እየቀየሩ መጫን መጣ። ዴቢያን በ2015 ስታንዳርዱን በቃኝ ሲል፣ በስታንዳርዱ ሰርተፊኬት ያገኙ ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ የነበሩት 8 ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው፣ እነሱም የ6 ድርጅቶች። ሶፍትዌር ሻጩ ሬድ ሃት እና ሱሴ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሞክሮ «እዚህ ላይ ይሠራል» ብሎ መጻፉ ይቀለዋል። ደንበኛው ሰርተፊኬት ካልጠየቀ ማን ይለፋል?

ጥያቄ፦ ኩበርኔቲስ ላይስ ለምን ተሳካ?

ኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድና የሚያስተዳድር ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ነው። የተሳካው ወረቀት ሳይሆን ፈተና ስላወጡ ነው፤ የኔ አቋም ይሄ ነው። ኩበርኔቲስን የሚያስተዳድረው ሲኤንሲኤፍ የሚባለው ተቋም የሰርተፊኬት ፕሮግራሙን በኖቬምበር 2017 ጀመረ። ፈተናው ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው። ሻጩ ሶኖቦይ በምትባል መሣሪያ ምርቱ ላይ ያስኬደዋል፣ ከዚያ የውጤቱን ሎግ (የፈተናውን መዝገብ) ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ያስገባል። ካላመንክ አንተም ራስህ ደግመህ ታስኬደዋለህ። አንዴ አልፎ መተኛትም የለም፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ በአዲስ ቨርዥን ተመልሶ መፈተን አለ። ጉልበቱ ያለው ስሙ ላይ ነው። ኮዱ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ስለሚሰጥ ማንም ይወስዳል፣ ያ ፈቃድ ግን የንግድ ስሙን አይሰጥህም። «ሰርተፋይድ ኩበርኔቲስ» ብለህ ለመሸጥ ፈተናውን ማለፍ አለብህ። ዴቢያን በ2006 በስም አጠቃቀም ከሞዚላ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ የሞዚላን ብራውዘር ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» ብሎ ለዓመታት እንዳቆየው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሁለቱም ሰርተፋይድ ከሆኑ ከአንዱ ክላውድ ወደ ሌላው ዝም ብዬ እሻገራለሁ?

ኧረ በጭራሽ! እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። አንድ ድርጅት ሥራውን ከአንድ ክላውድ (በኢንተርኔት ሰርቨር ከሚያከራይ ድርጅት) ወደ ሌላ አዛውርልን አለኝ፣ ሁለቱም ሰርተፋይድ ነበሩ። «ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል» አልኩ በድፍረት። ፋይሎቹን ጫንኩ፣ ፖዶቹ (ኩበርኔቲስ ውስጥ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩባቸው ክፍሎች) ተነሡ፣ ዳታቤዙ ግን «ፔንዲንግ» (በመጠበቅ ላይ) ብሎ ቀጥ። ሃያ ደቂቃ ኔትወርኩን ስረግም ቆይቼ ነው ያየሁት፦ የዲስኩ ዓይነት ስም የድሮው ክላውድ የራሱ ስም ነበር፣ አዲሱ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚባል ዲስክ የለም። ቀጥሎ ኢንግሬሱ (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ወደ ፕሮግራሞቹ የሚመራው ደንብ) ላይ ያሉት አኖቴሽኖች፣ ማለትም ተጨማሪ ትእዛዞች፣ በሙሉ ደንቡን የሚያስፈጽመው የድሮው ኮንትሮለር ቋንቋ ሆነው ተገኙ። እሑድ ማታ ነው ቤቴ የገባሁት። ፈተናው የጋራውን ክፍል ብቻ ነው የሚያየው። ሻጭ ደንበኛውን የሚያስረው ደግሞ ከዚያ ውጪ ባለው ነው።

ጥያቄ፦ አንድሮይድስ?

ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የጉግልን ፈተና ያላለፈ ስልክ ግን ፕሌይ ስቶርን በሕጋዊ መንገድ ይዞ አይወጣም። ርካሽ ስልክ ገዝታችሁ «በፕሌይ ፕሮቴክት አልተረጋገጠም» የሚል መልእክት ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ደንብ አውጪው አንድ ድርጅት ብቻ ነው። እኔ አይመቸኝም።

ጥያቄ፦ ስታንዳርዱ ውስጥ ፓተንት ቢኖርስ?

ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው፤ ለእሱ በእያንዳንዱ ኮፒ ሂሳብ ክፈሉ ከተባለ ኦፕን ሶርስ አለቀለት፤ ማንም እንደፈለገ የሚቀዳውን ነገር ማን ቆጥሮ ይከፍላል? ለዚህ ነው የዌብ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ተቋም ደብሊውስሪሲ በ2004 ስታንዳርዶቹ ያለ ፓተንት ክፍያ የሚሠሩ እንዲሆኑ የወሰነው።

ጥያቄ፦ እኛ አዲስ አበባ አምስት ልጆች ነን፣ የራሳችንን የኩበርኔቲስ ምርት ልንሸጥ ነው። ሰርተፊኬቱ ይቅርብን?

መጀመሪያ ሶኖቦይን አስኪዱት፣ ማስኬዱ በነፃ ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከወደቃችሁ የቱ ጋ እንደሆነ ሎጉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሰርተፊኬቱን እስክታገኙ ድረስ ግን ቢዝነስ ካርድ አታሳትሙ፣ ምርቱ ላይ «ሰርተፋይድ ኩበርኔቲስ» የሚለውን ስም ልትለጥፉ አትችሉም።