የቆርቆሮ ቤትና የቆቦ ሌሊት

እህቴ፣ አብሽሪ። ከደሴ ወርደሽ ቆቦ ላይ አንዲት የብሎኬት ክፍል ተከራይተሻል። ሌሊት ሙቀቱ የሁለት ዓመት ልጅሽን እያስለቀሰ አላስተኛ ብሎሻል። ቬንትሌተር ልግዛ ወይስ ቤት ልቀይር ነው ጥያቄሽ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ቆቦ ከገባሁ 9 ዓመት ሆነኝ።

ደሴ ከቆቦ 1000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። 5 ሰዓት ላይ ወጥተሽ ደጅ ቁሚ። ደጁ ከቤትሽ ይሻላል። አላስተኛ ያለሽ ቀን ገብቶ ያደረ ሙቀት ነው።

እኔ ይሄ ሳይገባኝ የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ቬንትሌተር ገዛሁ። በርና መስኮት ዘግቼ ሌሊቱን ሙሉ አስነሳው ነበር። ያንኑ የጋለ አየር መልሶ ፊቴ ላይ ይነፋዋል። ጎረቤቴ እማማ አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት መጡና መስኮቴ ወለል ብሎ ተከፍቶ አዩት። «ልጄ፣ ቀን እሳቱን እያስገባሽ ሌሊት በምን ይቀዝቅዝልሽ?» አሉኝ። የእሳቸው ቤት የጭቃ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ቀን ይዘጋል፣ ማታ ይከፈታል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደሳቸው ነው የማደርገው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ መክረር ስትጀምር መስኮቱን ዘግቼ ወፈር ያለ መጋረጃ እጥላለሁ። ከመሸ በኋላ ደጁ ሲቀዘቅዝ በሩንም መስኮቱንም እከፍታለሁ። ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ ያለሽ ያን ያህል አይረዳሽም።

ዋናው ጠላትሽ ግን ጣሪያው ነው። ቀና ብለሽ እይው። ኮርኒስ ከሌለው ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ እላያችሁ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። የቤት ኪራይ ውሉ ከመታደሱ በፊት አከራይሽን ኮርኒስ አሰሩልኝ በያቸው። አይሆንም ካሉ እኔ መጀመሪያ ያደረግኩትን አድርጊ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አጥበሽ፣ ሰፍተሽ፣ ከማገሩ ሥር ወጥረሽ ምቺው። እኔ ስሰራው አንድ ነገር ተሳስቼ ነበር። ዳር እስከ ዳር ደፈንኩት። ከላይ የታፈነው አየር መውጫ አጥቶ ማታ ማታ እጄን ዘርግቼ ከረጢቱን ስነካው ይሞቃል። ኋላ በሁለቱም ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ተውኩ፣ በሽቦ ወንፊትም ሸፈንኳት። ያኔ ነው ለውጡ የታየኝ።

ብሎኬቱም ሙቀት ይይዛል። ወደ ምዕራብ የዞረው ግድግዳ የከሰዓቱን ፀሐይ ጠጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋዋል። የልጁን አልጋ ከዚያ ግድግዳ አርቂው። ከውጪ በኩል ዳስ ወይም ሰሌን ቢጠለልለት ደግሞ ጥሩ ነው።

ቡናውንም ወደ ደጅ አውጪው። የወሎ ሰው ሦስት ጊዜ ሳይጠጣ አይነሳም፣ እስከዚያ ማንደጃው ክፍሉን ያግለዋል። ደግሞ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፣ በተለይ ሕፃን ባለበት።

ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የጥጥ አንሶላ አንጥፊ፣ ፖሊስተሩን ተይው። በደረቁ ወራት የረጠበ ነጠላ መስኮቱ ላይ ብትሰቅይ የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ክረምት ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን አትልፊ።

አጎበር ግን ሙቀቱ የፈለገውን ቢሆን እንዳታነሺ። ቆቦ ወባ አለ። የልጁ ሰውነት ካተኮሰ፣ መጥባትና መጫወት ካቆመ ሙቀቱ ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አስመርምሪው።

ቬንትሌተሩን ከኮርኒሱ በኋላ ግዢ። አመሻሽ ላይ መስኮቱ ሥር ፊቱን ወደ ውጪ አዙሪና የታፈነውን አየር ያስወጣልሽ፣ በሩ ክፍት ይሁን። ስትተኙ ወደ አጎበሩ መልሺው። ቤት ለመቀየር አትቸኩይ፣ ያለ ኮርኒስ የሚቀጥለውም ያው ነው። ልጁ እንዴት እንዳደረ ጻፊልኝ።