ታክሲ ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ፣ አሁን አፍሬ ተቀመጥኩ

ሰላም እህቴ፣

ከሦስት ሳምንት በፊት ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። 22 ስንደርስ ስልኬ ጠራ። ደብረ ብርሃን ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። አባቴ መታመሙን አውቃለሁ፤ ገና «አይዞሽ፣ በርቺ» ሲለኝ ገባኝ። ከዚያ ጮህኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ የፊቴን ወንበር አንቄ ይዤ «አባዬ! አባዬ!» እያልኩ ስጮህ ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። አንዱ ከኋላ «ኧረ ሰው አለ፣ ቀስ በይ» አለኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አልብሰውኝ፣ ቤቴ ድረስ አደረሱኝ። ስልካቸውንም ሰጥተውኝ ነበር፣ አፍሬ አልደወልኩም። ሰልስቱ ወጥቶ ተመልሻለሁ፣ ግን የሰውየው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ መስመር ታክሲ መያዝ ፈራሁ። ራሴን መቆጣጠር ነበረብኝ?

የመገናኛዋ

*

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

መርዶ በእኛ ዘንድ ደንብ አለው። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን እንኳ አልተዉትም፤ ቀድሞ የሰማው ጓደኛ ሌሎቹን ሰብስቦ ንጋት ላይ በር ያንኳኳል። ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው እንዲኖር ነው ይህ ሁሉ። አንቺን ግን መርዶው ብቻሽን፣ ታክሲ ውስጥ፣ በስልክ አገኘሽ። ደንብ ከጎደለ እዚያ ጋ ነው የጎደለው። የአጎትሽም ልጅ ጨንቆት ይሆናል፣ አትቀየሚው።

ታክሲ ያልተጻፈ ሕግ አለው፣ እውነት ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ጠጋ ይባላል፣ ስልክ ላይ አይጮህም፣ በመልስ ከረዳት ጋር ተጣልቶ ተሳፋሪውን ሁሉ መሳደብ ነውር ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። የአንቺ ከዚህ አይቆጠርም። እኛ እኮ ለለቅሶ መንገድ ላይ ድንኳን የምንጥል ሰዎች ነን! መኪናው ዞሮ ይሄዳል፣ ማንም «ቀስ በሉ» አይልም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አሳዘነኝ። ለዚያ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰጠሽው፣ ነጠላቸውን ያለበሱሽን እናት ግን በሁለት መስመር አለፍሻቸው። የታክሲውን ሕግ ያወቁት እሳቸው ናቸው። ከመንገዳቸው ቀርተው ቤትሽ ድረስ መጡ።

አንድ ቀን ጓደኛሽን ይዘሽ ከመገናኛ ተሳፈሪ። 22 ላይ እንባሽ ቢመጣ ይምጣ። ከዚያ በፊት ግን ለእኚያ እናት ደውዪላቸው። አርባው መቼ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ባይመጡም።