ስልኩ አንድ፣ ተማሪው 60

እህት ዓለም፣ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ማስተማር ከጀመርሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምሪያለሽ። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ አለ፣ ስማርት ስልክ የያዝሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አዲስ አበባ ላይ «በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማስተማር» የሚል ሥልጠና አይተሽ ክፍያው የሁለት ወር ደመወዝሽን ሊበላ ነው። «ልክፈል ወይስ ሙያውን ልተው?» ብለሻል።

አትክፈይ። መተዉንም ለጊዜው አቆዪው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር ሲመጣ የተማሩትን ጠይቂያቸው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ተማሪው አፉን ሳይከፍት መልሱን ያው የስክሪኑ መምህር ይናገራል። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆኖ ቀረ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ አዲስ ነገር ባየሽ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቂ፦ ይሄ ልጆቼን ያናግራቸዋል?

ልጆችሽ ሰዋስው ስጪያቸው፣ ይሠሩታል። መናገር ላይ ነው የሚታሰሩት። የስልክሽ ኪቦርድ ላይ የማይክሮፎን ምልክት አለ አይደል? ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጊና አንዱን ልጅ «አስባለሁ» በል በእንግሊዝኛ በዪው። «I think» ማለት ሲገባው «አይ ሲንክ» ካለ ስልኩ «I sink»፣ ማለትም «እሰምጣለሁ» ብሎ ሊጽፍለት ይችላል። ልጁ ሲያስብ ስልኩ ያሰምጠዋል! ክፍሉ ይስቃል። ለ«th» ድምፅ ምላስ በጥርስ መሀል ብቅ ማለት እንዳለበት የምታሳዪው ያኔ ነው። ቀጥሎ ሳትጠሪያቸው የሚነሱ ልጆች አይጠፉም። ብዙ ስልኮች ላይ የእንግሊዝኛውን ፋይል ቀድመሽ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ደግሞ ስልኩ የኛን አነጋገር ሁልጊዜ አይሰማም፣ በትክክል ያለውንም ልጅ ያሳስታል። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።

ለንባብ ደግሞ ማታ ኔትወርክ ሲሻል ቻትጂፒቲን፣ ጽሑፍ የሚጽፈውን የኤአይ መተግበሪያ፣ «ስለ መንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ በእንግሊዝኛ 120 ቃል ጻፍልኝ» በዪው። እኔ ስሞክረው እንግሊዝኛው አምሮ መጣ፣ ጓሳ ላይ ግን አንበሳ አሰማራበት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ባለበት አገር! አንቺን ብሆን አንበሳውን አላወጣውም። እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ስህተቱን በእንግሊዝኛ ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። የመንዝ ልጅ ስለ ጓሳ ማንም እንዲያሳስተው አይፈልግም። ለመከራከር ሲል ያወራል።

አሁን ወደ እንጀራሽ። ሰርተፊኬት ከፈለግሽ ብሪቲሽ ካውንስል ለእንግሊዝኛ መምህራን ነፃ የኦንላይን ኮርሶች አሉት፣ ከእነሱ ጀምሪ። ለማስተርስም ሆነ ለሌላ ሥራ ስታመለክቺ ግን እንደ እኔ እንደ እኔ የሚለይሽ የሠራሽው ነው። በዚህ ሳምንት የአምስት ተማሪዎችን ንግግር በስልክሽ ቅጂ፣ አንዳንድ ደቂቃ ይበቃል። ወላጆቻቸውን አስፈቅጂ። ከአሥር ሳምንት በኋላ እነዚያኑ ልጆች ድገሚያቸው። ምን እንደሞከርሽ፣ ምን እንዳልሠራ፣ የትኛው ልጅ ከነበረበት ፈቀቅ እንዳላለ በሁለት ገጽ ጻፊው። ያልተሳካውን አትደብቂ፣ ፈታኝ መጀመሪያ የሚያምነው እሱን ነው። ለሲፒዲ (ለመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ትጠየቂ የለ? ርዕሰ መምህሩን አነጋግረሽ ይህንኑ አክሽን ሪሰርች (መምህር በራሱ ክፍል ላይ የሚያደርገው ጥናት) አድርገሽ አስመዝግቢው። አንድ ሥራ ሁለት ቦታ ይቆጠርልሻል።

ቅጂውን ስልክሽ ላይ ብቻ እንዳትተዪው። ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪው።